ተጣጥፎ የተቀበረው እግር

ይህን ታሪክ ውሸት ነው የሚል ሰው ራሱ እንጦጦ ወጥቶ ይጠይቅ። አንዲት ቃል ዝንፍ ካለች ምላሴ ይድረቅ! ልብስ ሰፊው ጉተማ የገዛ እግሩን ቆፍሮ ሊያወጣ፣ ከጉራራ በላይ ያለውን የእንጦጦ ዳገት በክራንች እየወጣ ነበር። ባጃጁ "ከዚህ በላይ አልችልም" ብሎ አውርዷቸዋል። ጓደኛው ሌንጮ አካፋ ተሸክሞ እያለከለከ ይከተለዋል።

"ቀስ በል እንጂ! ሁለት እግር ያለኝ እኔ፣ የምትቀድመኝ አንተ!"

"መቆም አልችልም። ስቆም ጣቶቹ ይኮማተራሉ።"

"የትኞቹ ጣቶች?"

"የሌሉት።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ሾላ ገበያ አጠገብ አንድ የአሸዋ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የጉተማን ቀኝ እግር ጨፈለቀው። ሐኪሞች ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሌንጮም የተቆረጠውን በነጠላ ጠቅልሎ ወስዶ እዚህ ዳገት ላይ ባለው የአጎቱ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ቀበረው። ቁስሉ ዳነ። እግሩ ግን አልሄድም አለ። የስፌት መኪናው ወደ ኤሌክትሪክ ተቀይሮ ግራ እግር ብቻውን ያዝዘዋል፤ ይህ የሌለው ቀኝ ግን እንደ ድሮው መርገጫውን ካልረገጥኩ ብሎ ይነሳል። ወዲያው ጣቶቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፣ ተረከዙ እንደ እሳት ይቃጠላል። ጉተማ ብድግ ይላል፣ ሱቁን ይዞራል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ ብድግ። ቀሚስ እጅጌው ሳይገባ ይከርማል። ደንበኞቹ ጨርቃቸውን እያነሱ ፊት ለፊት ወዳለው ሰፊ መሻገር ጀመሩ።

ሐኪም ቤት ሄዶ ነበር። ልጅ እግር ሐኪም ናት ያየችው።

"ጋሼ፣ አእምሮ ውስጥ መልእክት ተቀባዮች አሉ። እንደ በር ያስቧቸው። አንድ ነገር ሲደጋገም በሮቹ ይለምዱታል፣ ከዚያ በትንሽ ግፊት ወለል ይላሉ። ስፌት የለመዱት እንደዚያ ነው። ሕመሙም በዚያው መንገድ ነው የለመደዎት። እግሩ ቢሄድም በሩ አልተዘጋም።"

"መድኃኒቱስ ምን ያደርጋል?"

"በሮቹን ገርበብ ያደርጋቸዋል። መጀመሪያ አካባቢ ሊያደነዝዝዎት፣ አንዳንድ ነገር ሊያስረሳዎት ይችላል። ሙያዎን ግን አይነካም።"

ጉተማ ጆሮ የገባችው "ሊያስረሳዎት" የምትለው ብቻ ናት። እሱ እኮ ጠመኔ አያውቅም! የሰው ትከሻ አንዴ አይቶ፣ ጨርቁን ዘርግቶ በዓይኑ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው ነው። ሕመሙና ቅዱ የሚገቡት በአንድ በር ከሆነ፣ አንዱ ሲዘጋበት ሌላው ውጭ ቢቀርስ? የታዘዘለትን ክኒን ሳይውጥ ኪሱ ከተተው።

ጎረቤቱ እትዬ ሙሉጌጥ ግን መላ አላጡም። "አንተ ሞኝ፣ ተጣጥፎ ተቀብሮብህ ነው! የአጎቴም እንደዚሁ አላስተኛ ሲለው አውጥተው ቢዘረጉለት በዚያው ቀን አንኮራፋ።"

ጫካው ውስጥ ገቡ። ሌንጮ አንዱን ባሕር ዛፍ ደገፍ ይላል፣ ይተወዋል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል።

"እግሬን የት እንዳደረግኸው ረሳህ?"

"ባሕር ዛፍ እኮ መልኩ አንድ ነው! ቆይ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጭኜበት ነበር።"

ድንጋዩን አገኙት። ግን ተገልብጧል። ሌንጮ ቆፈረ። አፈር፣ ሥር፣ ደግሞ አፈር። በመጨረሻ አካፋው ጫፍ ላይ የተዘነጣጠለ የነጠላ ቁራጭ ወጣ። ከዚያ በታች ምንም የለም።

"ጅብ ነው" አለ ሌንጮ፣ ቀና ሳይል። "መሬቱ ጭንጫ ሆኖብኝ ጠለቅ አላደረግኩትም። ሰነፍኩ፣ ወንድሜ።"

ጉተማ ጉድጓዱን አየ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

"ታዲያ ጅቡን ይመመው እንጂ እኔን ምን ቤት ነኝ ብሎ ያመኛል?"

ሌንጮም ሳቀ። ሁለቱም ሲስቁ ጣቶቹ መጡ፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው፣ ተረከዙም ነደደ። ጉተማ ክራንቹን ጨብጦ ዓይኑን ከጉድጓዱ ሳይነቅል ጠበቀ። ከሱ ጋር እግር የለም። መሬት ውስጥም የለም። የሚዘረጋ ነገር የትም የለም። ሕመሙ ግን እንዳለ አለ።

"ዝጋው" አለ።

"ባዶ ነው እኮ።"

"ባዶውን ዝጋው።"

ሾላ ሲመለሱ ገና ፀሐይ አልገባችም። ሚስቱ ሶሬቲ ሱቁ ውስጥ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች።

"እህሳ፣ ተዘረጋልህ?"

"ጅብ በልቶታል።"

"ውይ በሞትኩት! ጅቡ እንኳን ጾሙን አላደረ።" ሳቋን ሳትጨርስ ፊቱን አየችና ሸሚዙን አስቀመጠች።

"ውሃ ስጪኝ።"

ክኒኑን ከኪሱ አውጥቶ ፊቷ ዋጠው። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ለራሱ ያስቀመጠውን ግራጫ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፤ ማንንም የማያስነካውን መቀስ እጀታውን ወደሷ አዞረ።

"ያዢ።"

"እኔ? ባበላሸውስ?"

"የኔ ሱሪ ነው። ገና ሳልረሳው እነግርሻለሁ፣ አንቺ ቁረጪ።"

ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ጉተማ ሱሪውን ሙሉ እግር እየሰፋ፣ ቀኙን አጥፎ በመርፌ ቁልፍ ነበር የሚይዘው። ሶሬቲም የቀኙን ርዝመት በዓይኗ ስትፈልግ ጣቱን ጨርቁ ላይ፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ አድርጎ አሳረፈ።

"እዚህ ጋ ይብቃው።"

ሶሬቲ ያለ ጠመኔ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ ክር ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው።

እሺ፣ እሺ። እዚች ላይ አንዲት ነገር ጨምሬአለሁ፤ ሌላው ሁሉ እውነት ነው። ቀጥ አላለላትም። ቅዱ ተንጋዶ ነው የወጣው። ጉተማም እንደተንጋደደ ሰፍቶት፣ ለብሶት ነው የሚሄደው።