ላምብሮስ የተወው መድኃኒት

«ሦስት ወር ሙሉ ንጹሕ ነበር እኮ!» ይላሉ እማማ ዛምቤታ፣ ሊያጽናናቸው ለሚመጣው ሁሉ። «ያንን እርጉም ነገር በእጁም አልነካ። ታዲያ በምን ሞተ ትላላችሁ?»

ለቀስተኞቹ መራራውን ቡና ፉት ይላሉ፣ «እግዜር ያጥናዎት» ይላሉ፣ ኮፍያቸውን አንስተው ይወጣሉ። ልጃቸው ላምብሮስ ከሚሠራበት የጀልባ ጥገና ቤት ጓሮ መርፌው ክንዱ ላይ እንደተሰካ መገኘቱን በቮሎስ ከተማ የወደብ ሰፈር ያልሰማ ሰው አልነበረም።

እህቱ አርጊሮ ማድቤት ውስጥ ሲኒ እያጠበች ታዳምጣለች። የእናቷን ጥያቄ መልስ ታውቀዋለች። ወንድሟ የሞተ ዕለት ያክመው የነበረው ዶክተር ሚልቲያዲስ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አቁሞ ነግሯታል። ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ አንድ ነው፤ እናቷ እንዳይሰሙ።

ላምብሮስ ሄሮይን የጀመረው ወታደር ቤት ነው። ሲመለስ ከስቶ፣ ዓይኑ ጠልቆ፣ ሳቁ ግን እንዳለ ነበር። የእናቱን የልብስ ስፌት መኪና ሸጠ። የአባቱን ሰዓት ሸጠ። ሁለቴ ታሰረ። አርጊሮ «ወንድም የለኝም» ብላ ስልኩን ማንሳት ተወች። ከዚያ አንድ ቀን ጓደኛው፣ የጎረቤታቸው የስታማታ ልጅ ኒኪታስ፣ እጁን ይዞ እሱ ራሱ ወደሚታከምበት የሱስ ሕክምና ጣቢያ ወሰደው። ላምብሮስ በየጠዋቱ ወረፋ ይዞ የሄሮይን አምሮት የሚያስታግሰውን ሜታዶን በትንሽ ኩባያ ይጠጣል፤ ከዚያ ሥራው ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረ። የጀልባ ሞተር ይፈታል፣ ይገጥማል። ቅዳሜ ቅዳሜ ኦክቶፐስ ይዞ እናቱ ዘንድ ይመጣና በረንዳው ላይ ይጠብሳል። አርጊሮም ስልኩን ማንሳት ጀመረች።

እናቱን ግን ኩባያዋ ከነከነቻቸው።

«አንዱን መርዝ በሌላ መርዝ ለውጠህ ዳንኩ ትለኛለህ?»

«እማዬ፣ መድኃኒት ነው። ያንቺ የስኳር ክኒንስ?»

«የኔን ከዚያ ጋር ታወዳድራለህ? አፍህን ያዝ!»

በመጨረሻ ስእለት ተሳሉ። ልጄ ከኩባያዋ ከተላቀቀ ቲኖስ ደሴት ድረስ ሄጄ፣ ከወደቡ እስከ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በጉልበቴ እድሃለሁ አሉ። ላምብሮስ ስእለቱን ሰማ። ሐኪሙ ቀስ እያልክ ቀንሰው፣ ዓመትም ይፍጅ እያለው፣ እሱ በጥቂት ሳምንት ጨርሶ ተወው። በፍልሰታ ዕለት እማማ ዛምቤታ አቀበቱን ዳኹት። ጉልበታቸው ደማ። ላምብሮስ ውሃ ይዞ አጠገባቸው ይራመድ ነበር፤ ፊቱ እንደ ሰም ገርጥቷል። አርጊሮ ደስ ብሏት ፎቶ አነሳቻቸው።

ላምብሮስ በሞተ በዘጠነኛው ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ስኳርና ሮማን የገባበት ንፍሮ ለሰዉ ሲታደል ስታማታ እማማ ዛምቤታ አጠገብ ተቀመጠች። ልታጽናና ፈልጋ ነው።

«እኔም እንደ እርስዎ ተስያለሁ፣ እማማ» አለች በሹክሹክታ። «ኒኪታስ ለገና ያቆማል። ምሎልኛል።»

ኒኪታስ ግቢው ውስጥ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ቤት መግባት ፈርቷል።

ዶክተር ሚልቲያዲስ የመጣው ይኼኔ ነው። ገና ከመቀመጡ እማማ ዛምቤታ ጥያቄያቸውን አመጡ። አርጊሮ ከማድቤት ሮጣ ወጣች።

«ዶክተር፣ ቡና ላምጣልህ? ወይስ ኮኛክ...»

«አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ» አሉ እናቷ። «ልጄ፣ አንተ ሐኪም ነህ። በምን ሞተ?»

ሐኪሙ አርጊሮን አያት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሰውነት ይለምዳል፣ እማማ። ሲተው ደግሞ ይረሳል። ላምብሮስ ሰውነቱ ረስቶ ነበር፤ አምሮቱ ግን አልረሳም። አንድ ቀን ከፋበትና የድሮውን ያህል ወሰደ። ያ መጠን ድሮ አይገድለውም ነበር።»

«ኩባያዋን እየጠጣ ቢሆንስ?»

አርጊሮ ሐኪሙ እንዲዋሽ በልቧ ለመነች።

«እየጠጡ የቆዩት አብዛኞቹ በሕይወት አሉ» አለ። «ለእሱ እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ ግን መማል አልችልም።»

እማማ ዛምቤታ አላለቀሱም። ንፍሮ የያዘውን ሰሐን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከሩቅ የሰሙትን ድምፅ አሁን ያወቁት ይመስል። ከዚያ ወደ ስታማታ ዞሩ።

«ልጅሽን አታስቁሚው።»

«ምን ነካዎት እማማ? ለእመቤታችን የተሳልኩትስ?»

«እሱን እኔ እከፍልልሻለሁ። ጉልበቴ ለምዶታል» አሉ። «እኔ የኔን አስቁሜዋለሁ። አየሽው አይደል የት እንዳለ? ልጅሽን ተይው አልኩሽ!»

ስታማታ በሻሿ ጫፍ አፏን ያዘች። አርጊሮ እናቷን ለመደገፍ እጇን ዘረጋች፤ አሮጊቷ ግን ብቻቸውን ተነሥተው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ግቢው ወጡ።

ኒኪታስ ሲያያቸው ሲጋራውን ጥሎ ረገጠ። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው።

«እማማ፣ እኔ...»

«ነገ ጠዋት ጣቢያው ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ፣ እማማ።»

ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ የኮቱን ግራና ቀኝ ያርገበግበዋል። እማማ ዛምቤታ ተጠጉት። ኮቱን ሰበሰቡና ከታች ጀምረው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፉለት። የመጨረሻዋ፣ አንገቱ ሥር ያለችው፣ እምቢ አለቻቸው። ኒኪታስ እስኪሳካላቸው ድረስ አገጩን ቀና አድርጎ ቆመ።