የአራሚው ንቦች

የእህቴ ባል በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነው። የሰው ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሲለቅም ሃያ ዓመት ስለኖረ፣ ራሱ የሚሳሳት አይመስለውም። በሕይወቱ ንብ ነድፎት አያውቅም፤ ስለ ንብ የተጻፈ መጽሐፍ ግን አሥራ አራት አለው። የሚወዳቸውን ደራሲዎች እንደ አጎቶቹ ነው የሚያነሳቸው። «ሽማግሌው እንዲህ ይላል»፣ «ዶክተሩ ግን በዚህ አይስማማም» እያለ ምሳችንን ያቀዘቅዝብናል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእሱ ነው።

እኔ ከአባቴ ጋር ቀፎ ስከፍት ያደግሁ ነኝ፤ መጽሐፍ አላነበብኩም። አባቴ ወገቡን ታሞ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ከቀፎዎቹ ሁሉ አንድ ብቻ ቀርቶለታል፤ እሱም ከመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ሥር ነው። ቀኑን የሚገፋው የንቦቹን ድምፅ እየሰማ ነው። መራባቸውን፣ መቆጣታቸውን፣ የንግሥታቸውን ማርጀት ሳይቀር ከድምፃቸው ያውቃል። ታዲያ ይህን ቀፎ እንዲጠብቅለት የመረጠው እኔን ሳይሆን አራሚውን ነው። «አንብቧል እኮ» አለኝ። ተቃጠልኩ።

አራሚው በአንድ እጁ መጽሐፍ፣ በሌላው ጭስ ማጨሻ ይዞ ይቀርባል። በጓንት ገጽ መግለጥ ሲያቅተው እህቴን ይጠራል፤ እሷም የፊት መረብ አጥልቃ ትገልጥለታለች።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የየወሩን ሥራ በየገጹ ለይቶ የጻፈውን ደራሲ ነው። አዲስ ወር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ የወሩን ገጽ ገለጠ። ቀፎውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ በሩንም ንብ አንድ በአንድ እንዲያልፍ አጥብቡ ይላል። ጠቀለለ፣ አጠበበ። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ደራሲው ካፖርት ለብሶ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ ቆሟል። ያ ወር እኛ ዘንድ ቆርቆሮው የሚግልበት ነው። የአንዲት ነጠላ ሰረዝ መጉደል የማያመልጠው ሰውዬ ያን ሁሉ በረዶ አላየም።

እኔ አየሁ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። አባቴ ማንን እንደመረጠ ይየው ብዬ ልብስ ማጠቤን ቀጠልኩ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የማር እንጀራው ከሙቀቱ ብዛት ቀልጦ ወደቀ። ማሩ በጠባቡ በር ተንጠባጠበ፤ ንቦቹ እዚያው ውስጥ ሰምጠው አለቁ። አባቴ ድምፃቸው ሲጠፋበት ተጣራ። አራሚው ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ «እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ አባባ» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ ደግሞ ይህችን ቀን ስጠብቅ ስለነበር አፌን መያዝ አልቻልኩም፤ ገና ሲጠቀልላቸው እንደሚያልቁ አውቄ እንደነበር ተናገርኩ።

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ማክሰኞ ዕለት?»

«አዎ።»

«እሱስ አላወቀም፣ ልጄ» አለኝ።

አራሚው ዛሬም ብርጭቆ እንኳ አስተካክሎ መያዝ አይችልም፤ ውሃውን ግማሹን የአባቴ ደረት ላይ ያፈስበታል። አባቴ ግን ሲጠማው፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከጓሮ የሚጠራው እሱን ነው።