የረጅሙ ፖሊስ ሱሪ

ስፌት ቤቴ ከፖሊስ ጣቢያው ጋር አጥር ትጋራለች። ቤት ስል አጋነንኩት እንጂ አንዲት በር፣ አንዲት የስፌት መኪናና ደንበኛ ልብስ የሚሞክርባት መጋረጃ ናት፣ አለቀ። መንግሥት የደንብ ልብስ ሲያድል ሰውን ሁሉ በአንድ ቁመት የፈጠረው ይመስለዋል። ስለዚህ ለአጭሩ አሳጥራለሁ፣ ለቀጭኑ አጠባለሁ፣ ሆድ ላወጣው ወገቡን እለቅለታለሁ። ጣቢያው ውስጥ ማን እንደወፈረ ከሚስቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ረጅሙ የምንለው ፖሊስ ደግሞ ምንም ዓይነት ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ጋ አይደርስለትም፤ ከአሮጌ ሱሪ ቆርጬ ከታች እቀጥልለታለሁ። ቅጥሉ የት ጋ እንደሆነ ከእኔ በቀር የሚያገኘው የለም።

እኔን ሰፈርተኛው ደረቋ ይለኛል። ስሙን ያወጣልኝ ባለቤቴ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው እኔን መተረብ ሆኗል። "ያ ሁሉ አውቶቡስ መሪውን ሳዞረው ይዞርልኝ ነበር፣ ይቺ ሴትዮ ብቻ አልዞር አለችኝ" ይላል።

ስፌት ቤቴ በር ላይ ሽንኩርት የምትሸጥ የልጆች እናት አለች። ፀሐይ ሲመታት አይቼ ነይ እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጪ ያልኳት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ፖሊሶች የመንገድ ዳር ነጋዴ እየለቀሙ መጡ። ቅርጫቷን በጫማ ገለበጡት፤ ሽንኩርቱ መንገዱን ይዞ ቁልቁል ተንከባለለ። እኔም ከስፌት መኪናዬ ተነሣሁ።

"ምን አጠፋች? እዚህ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?" አለኝ አንዱ፣ የማላውቀው።

"ማንም። እኔ ነኝ የምጠይቀው። በየትኛው ሕግ ነው? ትእዛዝ ካላችሁ አሳዩን።"

"ሕግ ነው የምትፈልጊው? ነይ፣ ጣቢያ ሞልቶልሻል" አለና ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። የመለኪያ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የሄድኩት።

ጣቢያው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሁለታችንንም እሱ ላይ አስቀመጡን። ስልካችንን ወሰዱ። ለባለቤቴ ልንገረው ብል አይቻልም አሉኝ። በምን እንደተያዝን ንገሩን ብል "ሲመጣ ይነገርሻል" አሉኝ። ማን ሲመጣ? ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሽንት ቤቱ ይታያል፤ ቁልፉን የያዘው ረጅሙ ነው። እሱን ሳይ ደስ አለኝ። የማውቀው ሰው አገኘሁ ብዬ።

"ረጅሙ፣ ሽንት ቤቱን ክፈትልኝ" አልኩት።

"የሠራተኛ ነው" አለኝ።

ቆየሁና ደግሜ ጠየቅኩት። "ቤትሽ መሰለሽ እንዴ?" አለኝ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ዞረች። ከወለዱ በኋላ፣ ያውም በዚህ ዕድሜ፣ ሰውነት እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ የወለደች ታውቀዋለች። በሦስተኛው ብድግ ብዬ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ "በእናትህ" አልኩት። በሕይወቴ ማንንም በእናትህ ብዬ ለምኜ አላውቅም።

"ደረቋ አይደለሽ? ቻይው" አለና ቁልፉን ጣቱ ላይ አሽከረከረው።

መቻል እስከሚቻለው ድረስ ቻልኩ። ከዚያ በቆምኩበት ቀሚሴን አልፎ፣ ጫማዬን ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሙቀቱ እስከ ዛሬ እግሬ ላይ ነው። "ደረቋ ረጠበች!" አለ ከቢሮ አንገቱን ያሰገገ አንዱ፣ ሌሎቹም በሳቅ ተንጫጩ። ረጅሙ አልሳቀም። የወለል ጨርቅ በእግሩ እየገፋ አመጣና "ያበላሸሽውን አጽጂ" አለኝ። ተንበርክኬ ጠረግኩ። ሽንኩርት ሻጯ ልታግዘኝ ጎንበስ ስትል በክርኔ ገፋኋት። እንዳታየኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ የዋለችው ሴት እንዳታየኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ "ሂዱ፣ ሁለተኛ እንዳናያችሁ" ተባልን። ክስ የለም፣ ምክንያት የለም። ሽንኩርት ሻጯ ባዶ ቅርጫቷን ከፊቷ ይዛ ከኋላዬ ተጠግታ ሄደች፤ የቀሚሴን ጀርባ ሰው እንዳያይብኝ። ባለቤቴ "ምን አደረጉሽ? ቀሚስሽስ ምን ሆኖ ነው?" ሲለኝ "ያዙኝ፣ ለቀቁኝ። ውሃ ተደፋብኝ" ብዬ በሩን ዘጋሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጣቢያውን በር ላለማየት ሥራ ስሄድም ስመጣም መንገዴ በጓሮ ሆነ።

እስከዚህ ያለው የእነሱ ነውር ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ለማለት እሞክራለሁ። የእኔ ግን ቀጥሎ ያለው ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ረጅሙ አዲስ ሱሪ በክንዱ ላይ ጥሎ ስፌት ቤቴ ገባ።

"እትዬ፣ እንደ ልማዴ" አለኝ።

እንደ ልማዴ! ሱሪውን ፊቱ ላይ እወረውራለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን "እዚያ ጋ ቁም" የሚል ነው። ሜትሬን ይዤ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ፣ በዚያው ወለሉን በጠረግኩበት ጉልበቴ። እሱ ከላይ ሆኖ፣

"ተቀየምሽኝ እንዴ?" አለኝ።

"ኧረ በምን!" አልኩት።

ሳቅም ጨምሬበታለሁ። ሱሪውን አበላሽቼው ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። እጄ ማበላሸት አልለመደም፤ እንደ ሙሽራ ልብስ ተጠንቅቄ ቀጠልኩለት። "እጅሽ ይባረክ" ብሎኝ ሄደ። ፈርቼ ነው እንዳልል ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ካደረገው፣ እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ካደረግኩት፣ ያ ቀን የሚጠፋ መስሎኝ ነው።

ደረቋ የምባለው እኔ፣ ቅሬታ ሰሚ ቢሮ የሄደችው ግን ሽንኩርት ሻጯ ናት። ያለ ምክንያት ታሰርን፣ ሽንኩርቴ ተደፋ፣ ሽንት ቤት ተከለከልን ብላ አመለከተች። ፖሊሶቹ ደግሞ ካላስረዳሽ በስም ማጥፋት የምትታሰሪው አንቺ ነሽ አሏት። መጥታ በሬ ላይ ቆመች።

"እትዬ፣ ምስክር የለኝም። እኔ ብገባ ልጆቼን የሚይዝልኝ ሰው የለም።"

መርፌዬን እያየሁ "እመጣለሁ። ግን ያንን ነገር እንዳታነሺ" አልኳት።

"አፌ ይቆረጥ" አለች።

ቀጠሮው ቀን ባለቤቴ ካልሸኘሁሽ ብሎ ከረባቱን አሰረ። "አንቺ ምስክር ከሆንሽ ጠበቃ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው" እያለ ይቀልድ ነበር።

ቢሮው ጠባብ ነው፤ ባለቤቴም ከጎኔ ተቀመጠ። ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል፤ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ ናት። ረጅሙ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ዓይኔ ቀጥታ ወደ እግሩ ሄደ። ያንን ሱሪ ነው የለበሰው።

ሽንኩርት ሻጯ የሆነውን አንድ በአንድ ተናገረች። ኃላፊው ሰማትና ጠየቃት።

"ሽንት ቤት ተከለከልን ብለሻል። በዚህ ምክንያት የደረሰብሽ ጉዳት ምንድን ነው?"

"እኔስ... ቻልኩት ጌታዬ።"

"በሌላ ሰው ላይስ የደረሰ ነገር አለ?"

አየችኝ። ከዚያ መሬት መሬት አየች። "አላውቅም" አለች። ቃሏን ጠበቀችልኝ። ኃላፊው የብዕሩን ክዳን ገጠመ።

ያን ጊዜ ረጅሙ ወደ ፊት ተራመደ። "ጌታዬ፣ ምስክር ተብለው የመጡት እናት ደንበኛዬ ናቸው። ይህን ሱሪ ያዩታል? ከዚያ ቀን በኋላ የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። ተቀየሙኝ ወይ ብዬም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ኧረ በምን ብለው ስቀውልኛል። የተበደለ ሰው እንዲህ ይላል?"

ኮሪደሩ ላይ አንቺ ነበርኩ፤ እዚህ ስመጣ እሳቸው ሆንኩ።

"እውነት ነው እናቴ?" አለኝ ኃላፊው።

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። ለዚያ ሰውዬ ሱሪ እንደሰፋሁ አያውቅም። ሌላውንም አያውቅም። አይ ብል ሱሪው ያጋልጠኛል፤ ለእሱ ቁመት ሱሪ የምቀጥለው እኔ እንደሆንኩ ጣቢያው ሁሉ ያውቃል። አዎ ብዬ ዝም ብል ያቺ ሴት መታሰሯ ነው። ፊቴ እሳት ሆነ።

"እውነት ነው" አልኩ። "ቅጥሉ የት ጋ እንደሆነም ላሳይዎት እችላለሁ።"

ሽንኩርት ሻጯ ዓይኗን ጨፈነች። ኃላፊው "እንግዲያማ..." ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

"አልጨረስኩም" አልኩት። "ሱሪውን ሰፍቻለሁ፣ ኧረ በምን! ብያለሁ፣ ሁለቱም ይጻፍ። ከዚያ በፊት ደግሞ እዚያ ኮሪደር ላይ ሸናሁ። ይሄ ሰው ቁልፉን ይዞ፣ ለምኜው፣ በእናትህ ብዬው ከልክሎኝ፣ ሰው እያየኝ ልብሴ ላይ ሸናሁ። ከዚያ በጉልበቴ አስጠረገኝ። የተበደለ ሰው እንዲህ ይላል ወይ ነው ያለው? ያፈረ ሰው ይላል፣ ጌታዬ። ኧረ በምን ይላል።"

የጸሐፊዋ ጣቶች ቆሙ። ወደ ባለቤቴ አላየሁም፤ ትንፋሹን ግን እሰማዋለሁ።

"ይሄንን... እንዴት ብዬ ልጻፈው?" አለች ጸሐፊዋ።

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "ምስክሯ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ በይ።"

"አይባልም" አልኩ።

"ምኑ?"

"አቅቷቸው አይባልም። እኔ አላቃተኝም። ቁልፉ እሱ ጋ ነበር። ተከልክለው ነው የሚባለው።"

"እናቴ፣ ሐሳቡ ያው እኮ ነው።"

"ያው ከሆነ የእኔን ይጻፉልኛ።"

ከጎኔ ባለቤቴ አሳለ። ያንን ሳል አውቀዋለሁ፤ አልዞር ስል የሚያስለው ነው። ኃላፊው መነጽሩን አወረደና "ተከልክለው በይ" አላት።

ንባቤ ዘገምተኛ ስለሆነ ከመፈረሜ በፊት ይነበብልኝ አልኩ። ምነው ባላልኩ! በራስ አፍ መናገር ሌላ፣ በማያውቁት ሰው ድምፅ ሲነበብ መስማት ሌላ ነው። ጆሮዬ እስኪግል ሰማሁት፤ ሽንቱን፣ ጨርቁን፣ ጉልበቴን፣ ሳቄን። "ተከልክለው" የምትለው ላይ እስክትደርስ ጠበቅኩና ፈረምኩ። ረጅሙ ያን ሁሉ ጊዜ የሱሪውን ጠርዝ ቁልቁል ያይ ነበር።

ኃላፊው ጉዳዩ ይጣራል አለ። ለሽንኩርት ሻጯ ደግሞ፣ ስም ማጥፋት የሚባለው ነገር ቀርቷል፣ ልጆችሽ ጋ ሂጂ አላት። ደጅ ስንወጣ እጄን ይዛ ልትስም ስትል አስጣልኳት። ቀሚሴን የሸፈነችበትን ቅርጫት መሳም ያለብኝ እኔ ነኝ።

ከባለቤቴ ጋር ብቻችንን ወደ ቤት አቀናን።

"ውሃ ነው ያልሽኝ" አለ።

"አዎ።"

"ሱሪውንስ? ኧረ በምን ያልሽውንስ ለምን አስጻፍሽው? እሱ እንኳ ቢቀር ምን ነበረበት?"

"ያሳፈረኝ እሱ ነው። እሱን ደብቄ ሌላውን ብናገር ማን ያምነኛል?"

የጓሮው መንገድ መገንጠያ ጋ ስንደርስ እኔ እንደ ልማዴ ልታጠፍ ስል ክንዴን ያዘኝ። "በዋናው" አለኝ። በጣቢያው በር ፊት ለፊት አለፍን። አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው፤ ጫማዬን እያየሁ ነው ያለፍኩት። ግን በዋናው መንገድ ነው።

ረጅሙ እስካሁን ሥራው ላይ ነው፤ ጉዳዩ እየተጣራ ነው ይባላል። ሽንኩርት ሻጯ በሬ ላይ ናት። ፖሊሶቹ ልብስ ማምጣት ትተዋል፤ አንዱ የሰፋ ወገብ በቀበቶ አንቆ፣ ሌላው ያጠረ ሱሪ ለብሶ ሲያልፍ እጄን ይበላኛል፣ አልዋሽም።

ያቺ ቃል ግን አልለቀቀችኝም። ክር በመርፌ ሳሾልክ፣ ስበጥስ፣ ድንገት "ኧረ በምን!" ያልኩበት ድምፄ ከነሳቁ ይመጣብኛል። ያኔ መኪናዬን አቆምና ጮክ ብዬ "ተቀይሜያለሁ!" እላለሁ።

ሽንኩርት ሻጯ ደንግጣ ትዞራለች። "እኔን ነው፣ እትዬ?"

"አንቺን አይደለም" እላታለሁ። "እየተለማመድኩ ነው።"