ወለሉ እንዳይቃጠል

የቴክኒክ ትምህርትን ለማጠናከር ርዕሰ መምህር ናምጉንግ መጀመሪያ ያደረገው ነገር የብየዳውን ወርክሾፕ መቆለፍ ነበር። አንቱ ልለው አስቤ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። አዎ፣ ቆለፈው። ወለሉ አረንጓዴ ቀለም ሊቀባ ነዋ! የትምህርት ቢሮው ለማጠናከሪያ ብሎ በላከው በጀት ሌላ ምን ይገዛበታል? የብየዳ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ ቢገዛ ነዶ ያልቃል፤ ላሜራ ቢገዛ ተቆራርጦ ያልቃል። ወለል ግን ያብረቀርቃል፣ ፎቶ ላይም ያምራል።

ቀለሙ በሁለት ቀን ደረቀ። ቁልፉ ግን ከናምጉንግ ኪስ አልወጣም።

«እንግዶቹ አይተውት እስኪሄዱ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ እንዳትነካው!» አለ። ሥራውን ሊያዩ ከትምህርት ቢሮው የሚላኩት እንግዶች ደግሞ የሚመጡት ከሃያ ቀን በኋላ ነው።

ብዙዎቹ ተማሪዎች እሰየው ብለው ስልካቸውን እየነካኩ ዋሉ። ታክ ዳሶም ግን እንቅልፍ አጣች። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ የብየዳ ብቃት ፈተናዋ እንግዶቹ በመጡ በዘጠነኛው ቀን ነው። በፀደይ አንዴ ተፈትና ወድቃለች፤ የበየደችው ብረት ከፊት አምሮ ከጀርባ ሳይያያዝ ቀርቶባት። ወደብ ላይ ያለው የመርከብ ቱቦ ፋብሪካ ደጅ ሄዳ ስትጠይቅ ዘበኛው «ወረቀቱን ካመጣሽ ከጥር ጀምሮ ትገቢያለሽ፤ ያለ ወረቀት ግን ይህን በር እንዳታንኳኪ» ብሏታል። ዳግመኛ ከወደቀች የሚጠብቃት እናቷ ሃያ ዓመት የቆመችበት መጋዘን ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ በቀዝቃዛ ውሃ መሃል የባሕር ዛጎል እየሰነጠቁ ሥጋውን ማውጣት። የእናቷ ጣቶች አሁን የልብስ ቁልፍ እንኳን መቆለፍ አይችሉም። በየማለዳው የምትቆልፍላት ዳሶም ናት።

«ቲቸር፣ ከኋላ ባለችው ዕቃ ቤት እንኳ ልሞክር» ብላ የብየዳ መምህሯን ለመነቻቸው።

መምህር ፒዮ ሰላሳ ዓመት ብየዳ ያስተማሩ፣ ክንዳቸው በፍንጣሪ ጠባሳ የተዥጎረጎረ ሰው ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ደግሞ ከአለቃ ጋር አይጣላም።

«ቁልፉ እኔ ዘንድ የለም፣ ልጄ» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዳሶም ያን ቀን ናቀቻቸው።

በእነዚያ ሃያ ቀናት ታዲያ ሥራ ተፈቶ አልተዋለም። ልምምድ ነበር። የብየዳ እንዳይመስላችሁ፤ የእንግዳ አቀባበል እንጂ! በዚህ አገር እንግዳ ተቀብሎ የማያውቅ ትምህርት ቤት የለምና ዘዴውን ሁሉም ያውቀዋል።

«ጥያቄ ሲጠየቅ ሁላችሁም እጅ ታወጣላችሁ» አለ ናምጉንግ፤ «የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሩ ቀኝ ያወጣውን ይመርጣል። እጁን ያላወጣ ግን ወዮለት!»

ሆጁን የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ ብድግ አለ። «ሁለቱንም ባወጣስ?»

«ያኔ ተማርከሃል ማለት ነው» አሉ መምህር ፒዮ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ናምጉንግ ብቻ አልሳቀም።

ቀኑ ደረሰ። የትምህርት ቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ህዮን ሁለት ጸሐፊዎችና አንድ ፎቶ አንሺ አስከትላ መጣች። ከኢንዱስትሪው ወገን አንድ ሰው ይገኝ ስለተባለ ደግሞ የዚያ የቱቦ ፋብሪካ ባለቤት ሽማግሌው ጉ ተጋብዘዋል። በሩ ላይ ለእንግዶቹ ሁሉ በጫማቸው ላይ የሚጠልቅ ሰማያዊ ላስቲክ ታደለ፤ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ነው።

ሽማግሌው ላስቲኩን በሁለት ጣት አንጠልጥለው አዩት። «ብየዳ ቤት ነው ያላችሁኝ ወይስ ቀዶ ጥገና ክፍል?»

«ንጽሕና የሙያ መጀመሪያ ነው፣ ጌታዬ!» አለ ናምጉንግ እየተሽቆጠቆጠ።

ከላይ ሲያዩት ሠርግ ቤት ይመስላል፤ ውስጡን ለቄስ። መሃል ላይ አዲሱ ማሽን ላስቲኩ እንኳ ሳይገለጥ ተኮፍሷል። የሕንፃው መብራት ስለማይችለው ሶኬት አይቶ አያውቅም፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አሮጌዎቹ ማሽኖች ከኋላ በመጋረጃ ተሸፍነዋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ «የተማሪዎቻችን ሥራ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው የተበየዱ ላሜራዎች ተደርድረዋል። ዳሶም ፈዝዛ አየቻቸው። ከተማሪዎቹ አንዱም እነዚያን ነክቷቸው አያውቅም።

መምህር ፒዮ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጠይቁ ሃያ አራት እጅ በአንዴ ወጣ። ወይዘሮ ህዮን በደስታ ፈገግ አለች፤ ፎቶ አንሺው አነሳ። ናምጉንግ ይህን ሲያይ ልቡ አበጠ።

«አንዱን እንኳ እኔ ልጠይቅ!» ብሎ መምህሩን ገፋ አድርጎ ፊት ቆመ። ሲያለማምዳቸው ሁልጊዜ ከኋላቸው ሆኖ ነበር። አሁን ፊት ለፊታቸው ሲቆም የእሱ ቀኝ የእነሱ ግራ መሆኑ ትዝ አላለውም። «አንተ! ብየዳ የሚሰነጠቀው በምን ምክንያት ነው?»

ሆጁን ተነሳ። «አላውቀውም።»

«እንዴት አታውቀውም? እጅህን አውጥተህ የለም እንዴ?»

«ያወጣሁት ግራዬን ነው እኮ!»

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌው ጉ ነበሩ። ወይዘሮ ህዮን ማስታወሻዋ ላይ አቀረቀረች፤ የናምጉንግ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሽማግሌው እየሳቁ ወደ ጠረጴዛው ሄዱና አንዱን ላሜራ አንስተው፣ እንደ ማንኛውም በያጅ፣ መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ሳቃቸው ጠፋ።

«ይህን ማነው የበየደው?»

«ተማሪዎቻችን!» አለ ናምጉንግ።

«ውሸት! ይህ የፓንግ እጅ ነው። እኔ ጋ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል፤ መጨረሻ ላይ መስመሩን ወደ ግራ ይቆለምመዋል። የልጄን ጽሕፈት ብስት የፓንግን ብየዳ አልስትም። ባለፈው ሳምንት አንድ ደላላ እነዚህን ለናሙና ብሎ ከእኛ ሲገዛ ለማን እንደሆነ ብጠይቅ አፉን ያዘብኝ። ለካ ለናንተ ኖሯል!»

አይነጋ መስሏት የሚሉት ይኼ ነው። ናምጉንግ አረንጓዴውን ወለል ማየት ጀመረ። ሽማግሌው ላሜራውን ጥለው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

«ከእናንተ መሃል የሚበይድ ሰው የለም?»

ዳሶም እጇን አወጣች። ቀኟን።

ማንንም ፈቃድ አልጠየቀችም። መጋረጃውን ገልጣ አሮጌውን ማሽን ጎትታ አወጣች፣ ሶኬቱን ሰካች፣ ሁለት ላሜራ ገጥማ ጭንብሏን አጠለቀች። «ወለሉ! አንቺ ልጅ፣ ወለሉ!» እያለ ናምጉንግ ሲጮኽ ኤሌክትሮዱ ነካ፤ ብርሃኑ ቦግ ሲል ሁሉም ዓይናቸውን ከልለው ዞሩ። ፍንጣሪው እንደ ቆሎ እየተንጣጣ ወለሉ ላይ ዘነበ። ያ የሚያምር ቀለም ውሃ እየቋጠረ ጠቆረ፤ የወይዘሮ ህዮን የጫማ ላስቲክ ላይም አንዲት ፍንጣሪ አርፋ በሳችው። ወይዘሮዋ ዘላ ወንበር ላይ ወጣች።

ዳሶም ጨርሳ ጭንብሏን አነሳች። ሽማግሌው የበየደችውን በጓንት አንስተው ገለበጡት።

«ፊቱ ደህና ነው። ጀርባው አልያዘም። ኤሌክትሮድ ሳትጨብጪ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሃያ ቀን አለፈኝ።»

«ምነው፣ ታመሽ ነበር?»

«ኧረ የለም፣ አባት። የቴክኒክ ትምህርት እየተጠናከረ ስለነበር ነው።»

ሽማግሌው ናምጉንግን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ከዚያ ለልጅቱ እንዲህ አሏት፦ «ሥራ አልሰጥሽም፤ ወረቀት የለሽም። ብረት ግን እሰጥሻለሁ። ከነገ ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ፋብሪካ ነይ።»

በማግስቱ ናምጉንግ ዳሶምን ቢሮው ጠርቶ የጸጸት ደብዳቤ ጻፊ አላት። ቁጭ ብላ ጻፈች፦ «በብየዳ ክፍል ውስጥ ብየዳ በመሥራቴ እጅግ ተጸጽቻለሁ። ሁለተኛ አይለምደኝም።» ሰውየው አነበበ፣ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፣ ማኅተም መታበት። አቤት ጉድ! ምን ላይ ማኅተም እንደመታ እንኳ አልገባውም።

ስምንት ቀን ፓንግ ሥር ሠራች። ፓንግ ሲናገር የሚነክስ ሰው ነው። «የፊቱን ለርዕሰ መምህርሽ ውሰጂለት፤ ለእኔ ጀርባውን አሳዪኝ!» እያለ የበየደችውን ሁሉ እየገለበጠ ይጥልባታል። በአራተኛው ቀን መምህር ፒዮ አንድ ካርቶን ኤሌክትሮድ ተሸክመው የፋብሪካው በር ላይ ቆሙ። ከገዛ ኪሳቸው የገዙት ነው።

«ፈራሁ፣ ልጄ። ሌላ ምክንያት የለኝም» አሏት። ዳሶም ካርቶኑን ተቀበለቻቸው። ንቀቷ አልጠፋም፤ ግን ክብደቱ ቀነሰላት።

ፈተናውን አለፈች። ፈታኙ ላሜራዋን ገልብጦ ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰና ወደሚቀጥለው ሄደ። ዳሶም መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያ ለእናቷ ደወለች።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ሰፊ ጨርቅ ተሰቀለ፦ «እንኳን ደስ አለሽ ታክ ዳሶም! የተጠናከረው የቴክኒክ ትምህርታችን ፍሬ!» ወርክሾፑ ግን እንደተቆለፈ ነው፤ አሁን ደግሞ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ወለሉን ሊጎበኙ ይመጣሉ።

ናምጉንግ ዓይኑን በጨው ታጥቦ አስጠራት። ፎቶ አንሺ አስመጥቶ ወርክሾፑን በገዛ እጁ ከፈተ።

«ነይ የኔ ልጅ፣ መሃል ላይ ቁሚ። ትንሽ ወደ ፊት። አሁን እግርሽን ገጠም አድርጊውና ያችን የተቃጠለች ቦታ ሸፍኛት። ጎበዝ!»

ዳሶም እንደተባለችው ቆመች። ፎቶ አንሺው አንድ፣ ሁለት ብሎ ቆጠረ። ሦስት ሲል ዘወር አለች፤ ሳህን የምታህለው ጥቁር ጠባሳ ከጎኗ ቁልጭ ብላ ፎቶው ውስጥ ገባች።

«ምን ነካሽ አንቺ? ምነው ተንቀሳቀስሽ?»

«ሥራዬ ላይ ቆሜ ነበራ» አለችው፤ «ይታይ ብዬ ነው።»