የታሂር አባት ካርድ

ሐድጉ ሣጥኑን ከሚስቱ አብልጦ ይወዳል እየተባለ በቆቦ ይታማ ነበር፤ ሐሜቱም ከእውነት ብዙ አልራቀም። ሣጥን የሚለው በእርዳታ እህል ማደያው ጥግ የቆመውን ባለ ሠላሳ መሳቢያ ቁምሳጥን ነው። ከዋጃ እስከ ጎብዬ በድርቁ የተጎዳው ቤተሰብ ሁሉ በአባወራው ስም ካርድ ወጥቶለት፣ በፊደል ተራ እዚያ ውስጥ ተሰድሯል። ካርዱ የተገኘለት ስንዴ ይሰፈርለታል፤ ያልተገኘለት ባዶ ጆንያውን ይዞ ይመለሳል። በስልሳ ስድስት ዓመተ ምህረት ጥቅምት ወር ሕጉ ይኸው ነበር።

"ከእኔ ሣጥን ካርድ ጠፍቶ አያውቅም" ይላል የማደያው ጸሐፊ ሐድጉ አፉን ሞልቶ።

ስለዚህ ኡሙሃኒ ለሦስተኛ ጊዜ በመስኮቱ ብቅ ስትል ደሙ ፈላ። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ አፋር ቆላ ከወረደ አራት ወር አልፎታል። ከሮቢት ወዲያ ካለው መንደሯ መጥታ ከገበያው ጀርባ ሰፍራለች። ያዘለችው ልጅ ለመታዘል ዕድሜው አልፏል፤ ግን እግሩ አልቆም ብሎታል።

"ጌታዬ፣ በነሐሴ የጻፉኝ አንቱው ራስዎ ነዎት" አለች።

"የባልሽ ስም?"

ኡሙሃኒ መሬት መሬት አየች። አብራት የመጣችው ጎረቤቷ ዓሊማ ናት የመለሰችላት። "አብዱሰመድ ነው።"

ሐድጉ የ"አ"ን መሳቢያ በንዴት ስቦ ካርዶቹን አንድ በአንድ ገለበጠ።

"የለም! ስንቴ ልንገርሽ?"

"ወላሂ ተጽፌያለሁ!"

"ታዲያ ሣጥኑ ነው የሚዋሸው? የምትዋሺው አንቺ ነሽ! ሂጂ፣ ተራው የደረሰውን ሰው አታስርቢ!"

"እኔን ይተዉኝ። ለዚህ ልጅ አንዲት ጣሳ ቢሰፍሩልኝስ?"

መስኮቱን ፊቷ ላይ ዘጋው። ክፉ ሰው አልነበረም ብሎ የሚከራከርለት አይጠፋም። በዚያች ቀን ግን ክፉ ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የታችኛው መሳቢያ አልሳብ አለው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ምስጥ በቁምሳጥኑ እግር የጭቃ መንገዱን ሠርቶ ወጥቷል። ሐድጉ የገዛ ልጁን ሕመም ያየ ያህል ደነገጠ። ሠላሳውንም መሳቢያ ግቢ አውጥቶ ካርዶቹን በጆንያ ላይ ፀሐይ አሰጣ፤ ጭቃውን በቢላ ፋቀ፤ እንጨቱን በላምባ ወለወለ። ከዚያ አራቱን እግሮች ላምባ በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ አቆማቸው። ምስጡ የካርዶቹን ጠርዝ ጠርዝ እንጂ ስም አልበላም። ደስ አለው፤ እንዲያውም አፏጨ።

ካርዶቹን እያራገፈ ሲመልስ ከ"ተ" መሳቢያ በወጣው ላይ ዓይኑ አረፈ። "አባወራ፦ ታሂር። ሚስት፦ ኡሙሃኒ። ልጆች፦ ታሂር፣ መይሙና። ቤተሰብ፦ አራት።" ጽሕፈቱ የራሱ ነው።

መጀመሪያ ተናደደ። ባሏን ታሂር ብላ አስጽፋ አብዱሰመድ ትለኛለች እንዴ? ቀጥሎ አባትና ልጅ በአንድ ስም መጻፋቸውን አየ። ያን ጊዜ ነሐሴ ትዝ አለው። ዝናቡ፣ ረጅሙ ሰልፍ፣ ብቻዋን የቆመች ሴት። "አባወራው ማነው?" ብሎ ጠየቀ። "የታሂር አባት" አለችው። ቀና ሳይል ታሂር ብሎ ጻፈ።

በዚያ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። በበኩር ልጃቸው ትጠራዋለች፣ ወይም ጎረቤት ስሙን ይናገርላታል። ሐድጉ ይህን አያውቅም እንዳይባል እዚያው ቆቦ ነው ያደገው። የገዛ እናቱ ለተ ብርሃን አባቱን እስከ ዛሬ "የሐድጉ አባት" ነው የምትለው። እሷ ያን ቀን ተሰልፋ ቢሆን ኖሮ የገዛ አባቱን ሐድጉ ብሎ ይጽፈው ነበር።

ካርዶቹን ሁሉ እንደገና አገላበጠ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ አባትና ልጅ አንድ ስም የያዙባቸው ሃምሳ ሦስት ካርዶች አወጣ። ሃምሳ ሦስት ቤት! ስንቷን ሴት ውሸታም ብሎ መልሷል? ከመለሳቸውስ ስንቶቹ ዳግመኛ መስኮቱ ድረስ መምጣት ችለዋል? አፈረ።

የኡሙሃኒን ስንዴ ራሱ ሰፍሮ፣ ራሱ ተሸክሞ ከገበያው ጀርባ ሄደ። ዓሊማ ከሩቅ አይታው ብድግ አለች።

"ደሞ ምን ልትሰድባት መጣህ?"

ኡሙሃኒ ትንሿን ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ባዶ ነው፤ ማዘያው ታጥፎ ጎኗ ተቀምጧል።

"ካርድሽ ተገኘ" አለ ሐድጉ፣ ስንዴውን እያወረደ። "ጥፋቱ የኔ ነው። የታሂር አባት ስትዪኝ እኔ..."

"እንዲያ አትበል።" ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን አየችው፤ አንቱታውም ቀርቷል። "ታሂርን ትናንት ቀበርነው። ከእንግዲህ የማን አባት ልበለው?"

ሐድጉ ካርዱን ከኪሱ አወጣ።

"አብዱሰመድ" አለች ኡሙሃኒ። ዓሊማ አፏን በእጇ ያዘች። "ባሌ አብዱሰመድ ይባላል። ከኔ አፍ አይደል መስማት የፈለግኸው? ሰማህ። በል ጻፍ!"

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ካርዱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ። አራት የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

"ምን ያስፈራሃል?" አለችው። "ሦስት በል።"