ባዶውን የሚመለሰው ሳህን

ሐኪሟ የእማዬን ሆድ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ወረድ ብላ ጭኗን ሞከረች። እዚያም ቆዳ ብቻ ነው።

"ምነው? ዛሬ አትወጋም እንዴ?" አለ ልጇ። ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ እናቱ ድብልብሌ የምትለው ሆዱ ከሱ ቀድሞ ስለሚገባ ነው።

"ወንድሜ፣ ከሰውነታቸው ስብ ቀድተን፣ ከስቡ ሕዋሳቱን ለይተን ነው የእግራቸው ቁስል ዙሪያ የምንወጋው። በእርግጥ ያድናል ብዬ አልምልልህም፤ ግን እንዲህ አልድን ላለ ቁስል መሞከር አለበት። እሳቸው ላይ ደግሞ የሚቀዳ የለም።"

"ታዲያ ከኔ ውሰጂያ!" ሸሚዙን ገለጠ። "ይኸው፣ ለሰፈሩ ሁሉ ይተርፋል!"

"አንተ ልጅ፣ ሸፍን! ሰው ፊት!" አለች እማዬ እየሳቀች።

ሐኪሟም ፈገግ አለች። "የራሳቸው መሆን አለበት። እናቴ፣ ይበላሉ?"

"እበላለሁ እንጂ ልጄ።"

"ሳህኗ ሁሌም ባዶውን ነው የሚመለሰው" ሲል አገዛት ልጅየው።

"ከማን ጋር ነው የሚበሉት?"

እማዬ ነጠላ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ልጅየውም ጎንበስ ብሎ አብሯት ፈለገ።

ባለፈው ክረምት የእግሯ ቁስል መሽተት ሲጀምር የልጅ ልጆቿ ማዕድ ላይ አፍንጫቸውን ይዘው ነበር። የተናገረው ግን እሱ ነው። "እማዬ፣ እግርሽን ዘርግተሽ እዚያው ክፍልሽ ብትበዪ አይሻልሽም?" አላት፣ ለእግሯ ያሰበ መስሎ። እሷ ደግሞ ነገር ቶሎ ይገባታል። "እውነትህን ነው" ብላ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ምግቧ ተከድኖ ይሄድላታል፤ ለጠረኑ ሲባልም መስኮቷ ተከፍቶ ይውላል።

"ትንሽ ሥጋ ይልበሱና ይዘሃቸው ና" አለች ሐኪሟ ስትሸኘው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ግን ቶሎ ነው። ቁስሉ አጥንት ከደረሰ እግሩን አተርፋለሁ አልልህም።"

ቤት ደርሰው እማዬን አስተኛትና ንፋስ ልቀበል ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። የጎረቤቱ ውሻ ከመስኮቷ ሥር ቁጭ ብሎ ሽቅብ ያያል። አቤት ሲወፍር! ባለፈው ሰሞን "ምን ብታበላው ነው፣ እኔን በለጠኝ እኮ!" ብሎ በጎረቤቱ ላይ ቀልዶበት ነበር። ከውሻው እግር አጠገብ ጉራጅ ዳቦ ወድቋል። የራሱን ምድጃ ዳቦ ደግሞ የትም ቢያየው ያውቀዋል። ተመልሶ ክፍሏ ገባ።

"እማዬ፣ ምግብሽን ለውሻው ነው የምትሰጪው?"

ጣሪያውን አየች። "ሳህኑ እንዳለ ቢመለስ ትጨነቃለህ ብዬ ነው። ብቻዬን አልወርድልኝ አለ፤ ምን ላድርግ?"

"ታዲያ አትነግሪኝም?"

"ምን ብዬ? ከሰው ጋር አብሉኝ ብዬ ልለምን?" ወዲያው ድምጿ ለዘብ አለ። "እኔንም ይሸተኛል እኮ፣ ልጄ። አልፈርድባችሁም።"

ብትረግመው በቀለለው። አልፈርድባችሁም ስትለው ግን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ወጥ ቤት ሲገባ ሚስቱ ሾርባውን ቀድታ፣ ዳቦ ከጎኑ አድርጋ ልትከድነው ነው።

"አትክደኚው። የኔንም እዚሁ ጨምሪበት።"

"እዚያ ልትበላ? ጠረኑን የማትችለው ራስህ አልነበርክ?"

"ነበርኩ" አለና ሳህኑን ተቀበላት።

በሩን ሲከፍት ጠረኑ ተቀበለው። እጁን ግን ወደ አፍንጫው አልሰደደም። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሳህኑን መሃላቸው አኖረ። ውጭ ውሻው ሰዓቱን አውቆ ማላዘን ጀመረ።

ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው።

"ኧረ ይታፈናል፣ ልጄ!"

"ይታፈን" አለና ዳቦውን ከሁለት ገመሰው።