ጠፍ የተባለው ጫካ

ሸዋርጋ ማር ሲበላ ማየት ያቅለሸልሻል። ሰፈፉን አኝኮ አኝኮ መሬት ላይ ይተፋል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይልሳል፣ በዚያው ባልታጠበ እጁ ብዕሩን ያነሳል። ጥር ላይ ከጎባ በበቅሎ ተነስተን ሪራ የወረድነው መሬት በቀላድ ልንለካ ነው፤ እሱ ቀያሽ፣ እኔ አያና አስተርጓሚው። ማሩን ያቀረቡልን ደግሞ የአገሩ ሽማግሌ ኦቦ ዋቆ ናቸው።

ዋቆ ቀፎ የሰቀሉባቸውን ዛፎች እያዞሩ አሳዩን። በአገሩ ደንብ ቀፎ ያለበት ዛፍ አይቆረጥም፤ ባለቤቱም ግንዱ ላይ በተጫረው ምልክት ይታወቃል። የዋቆ ምልክት ያለበት ኮሶና ዝግባ ከቤታቸው እስከ ወንዙ ይዘልቃል።

«እርሻው የት ነው በለው» አለኝ ሸዋርጋ።

ጠየቅኋቸው። ዋቆ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ጠቆሙ። «ያውላችሁ። የአባቴም የእኔም እርሻ እዚያ ነው።»

ሸዋርጋ ሳቀና «ጠፍ፣ ሰው የለበትም» ብሎ ጻፈ። ጠፍ ማለት ማንም ያላቀናው፣ መንግሥት ለፈቀደው የሚሰጠው ማለት ነው። የዋቆ ማር ጢሙ ላይ ሳይደርቅ ዋቆን የሉም አላቸው። ያጎረሰ እጅ ሲነከስ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ በቅርቡ ግን አይቼ አላውቅም።

እኔስ ምን ተሻልኩ? ደግ መሆን አማረኝ። ዋቆን ለብቻቸው ጠርቼ በኦሮምኛ፣ «ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰን እናያለን። እስከዚያ መንጥረው ገብስ ይዝሩበት። ያኔ ያቀኑት መሬት ነው ይባልልዎታል» አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

«ቀፎ ያለበትን ዛፍ?»

«ከሚወሰድብዎት ይሻላል፣ ኦቦ።»

ዋቆ አጠገባቸው ያለው ግንድ ላይ የተጫረውን ምልክታቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

ጥቅምት ላይ ስንመለስ ከቤታቸው እስከ ወንዙ ጉቶ ብቻ ነው። ከነልጆቻቸው ቆርጠው አቃጥለውታል። በየጉቶው መሃል ገብስ ሳስቶ በቅሏል፤ የተሰባበሩ ቀፎዎች አጥሩ ሥር ተከምረዋል።

«አሁን መሬት ሆነ!» አለ ሸዋርጋ። ጠፉን ሰርዞ «ለም» ብሎ ጻፈ። ጊኒር ላለው አማቹ ከመንግሥት እንደሚያስመራው የነገረኝ እየሳቀ ነው። ጫካ ሳለ አማቹ እምቢ ብሎት ነበር፤ ያን ሁሉ ዛፍ ማን ይመነጥራል ብሎ።

«ያቀኑት ዋቆ አይደሉም ወይ?» አልኩት።

«ጥር ላይ ሰው የለበትም ብለናል። የሌለ ሰው እንዴት ያቀናል?» አለና ዙሪያውን ቃኘ። «ይልቅ ዛሬ ማር የላቸውም ወይ? ጠይቅልኝ።»

ማሩን አልጠየቅሁም፤ የመሬቱን ግን መንገር ነበረብኝ፣ ነገርኳቸው። ዋቆ አልጮሁም፣ አልረገሙኝም። ገብሱን ትንሽ አዩት።

«ወላሂ፣ ያ ሰውዬ ቁረጥ ቢለኝ አልቆርጥም ነበር» አሉኝ። «በቋንቋዬ የነገርከኝ አንተ ነህ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ።»